ስማቸው ያልተጻፈ አስታማሚዎች

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ በመጀመሪያ የሚነሣው የጦር መሪው ስም ነው፤ ቀጥሎ የውጊያው ቦታና ዕለት፣ ከዚያም የሟቹና የቁስለኛው ብዛት ይመዘገባል። ቁስለኛውን ከወደቀበት ያነሣው፣ ውሃ ያጠጣው፣ ቁስሉን አጥቦ ያሰረው፣ ሌሊቱን ጅብ ሲከላከልለት ያነጋው ማን እንደ ሆነ ግን ከስንት አንዴ ካልሆነ በስተቀር አይነገርም። በሀገራችን ታሪክ ይህ ዝምታ ድርብ ነው። በፊውዳላዊው ሠራዊት ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሰላሙም ዘመን ስሙ የማይጠየቅ ሰው ነበርና፤ ባሪያ፣ ገረድ፣ አሽከር፣ ጭነት ተሸካሚ ገባር።

ይህን ጉዳይ ቀርቦ ለመመርመር የደቡቡ ቆላ ምድር ሰፊ ማስረጃ ይሰጣል። ከአሬሮ ሜዳ ተነሥቶ የዳዋን ወንዝ የተሻገረ መንገደኛ ነጌሌ ቦረና ይደርሳል፤ ከነጌሌ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያቀና እንደ ሆነ የገናሌ ዶሪያን ወንዝ ተከትሎ ወደ ዶሎ ይወርዳል። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ ጦርና የራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት የተጋጠሙት በዚህ መንገድ ላይ ነው። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ሲሆን፣ መልካ ዲዳ የተባለው ስፍራ በዚያው ዓመት በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ስሙ ተጠራ። የተጠራውም በድል ወይም በሽንፈት ምክንያት አልነበረም፤ የቁስለኞች ድንኳን በአውሮፕላን ቦምብ የተደበደበበት ቦታ በመሆኑ ነው።

ወደ መልካ ዲዳ ከመድረስ በፊት ግን ስለ አስታማሚነት ጥቂት ማለት ይገባል። ነርስና ድሬሰር የሚሉት ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት ከዘመናዊው ሐኪም ቤት ጋር ነው። ከእነሱ በፊት የነበረው ቃል አስታማሚ ነው። አስታማሚ ደመወዝ የለውም፣ የሚለይበት ልብስም የለውም፤ ከታማሚው ራስጌ የማይለይ ሰው ማለት ነው። የተሰበረውን አጥንት የሚጠግነው ወጌሻ በሙያው ይታወቃል፤ ይከበራልም። አስታማሚው ግን ወጌሻው እንጨቱን አስሮ ከሄደ በኋላ ለሳምንታትና ለወራት የሚቆየው ነው። የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው፣ ቁስሉ ሲሸት የማይሸሸው እርሱ ነው። ሕይወት የምትተርፈው በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊው ደግሞ በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ ሌላ ውጊያ ተሻግሯል።

የቀድሞው የኢትዮጵያ ሠራዊት ስንቅና ትጥቅ የሚያቀርብ፣ ቁስለኛ የሚያነሣ የተደራጀ ክፍል አልነበረውም። ዘማቹ ስንቁን በራሱ አጋሰስ ጭኖ፣ ሚስቱን ወይም ገረዱን አስከትሎ ይነሣል። መኳንንቱ ደግሞ እንደየማዕረጋቸው ብዙ አሽከርና ባሪያ ይዘው ይዘምታሉ። እህሉን የሚፈጨው፣ እንጀራውን የሚጋግረው፣ ውሃውን በእንስራና በቅል የሚያመላልሰው፣ ድንኳኑን የሚተክለውና የሚነቅለው ይኸው ወገን ነው። ውጊያው ሲጀመር ተኳሹ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ውሃ ተሸካሚው ከኋላው ይከተላል። ውጊያው ሲያበቃ ከወደቀው ሰው አጠገብ የሚገኘውም ያው ውሃ ተሸካሚ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን አዲስ አበባ የገባው በ1888 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነበር። ድሉ የተገኘው በየካቲት ነው። በመካከሉ ባሉት ወራት ቁስለኛው በማን እጅ እንደ ቆየ ለመገመት የታሪክ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

የባርነት ዋና ምንጭም ራሱ ጦርነት ነበር። በ1887 ዓ.ም. የወላይታ ዘመቻ ብዙ ሺህ ሰው ከነከብቱ ተማርኮ ተነዳ። ከከፋ፣ ከጊሚራ፣ ከማጂ የተጋዘው ሕዝብ ብዛት አገር እስከማራቆት የደረሰ ነበር። ስለዚህ በአንድ ጦር ቁስለኛ የሚያስታምመው ሰው በቀደመው ጦርነት ራሱ የተማረከ፣ ወይም የተማራኪ ልጅ ሊሆን ይችላል። ያቆሰለውን ሥርዓት ቁስል የሚያጥብ ሰው! የፊውዳሉ ዘመን ተቃርኖ ከዚህ በበለጠ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት ስፍራ ጥቂት ነው።

የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሕይወት ለዚህ አንድ ምሳሌ ይሆናል። ባልቻ ከጉራጌ ምድር በልጅነታቸው በዘመቻ ጊዜ ተሰልበው ከወደቁበት ተነሥተው፣ በምኒልክ ሠፈር ታክመው መዳናቸው በስፋት ይተረካል። ያ ሕፃን አድጎ በአድዋ ጦርነት በመድፈኛነቱ ስም አተረፈ፤ ሲዳሞን ሁለት ጊዜ አስተዳደረ፤ በ1920 ዓ.ም. ከሥልጣኑ ወረደ፤ በ1929 ዓ.ም. ጥቅምት ላይም ሸምግሎ ሳለ ከፋሽስት ጋር ሲዋጋ ወደቀ። ባልቻ ጀግና መሆናቸው አይካድም። በሲዳሞ በገዙበት ዘመን ገባሩ ተሸክሞት የኖረው ቀንበር ከባድ እንደ ነበረም አይካድም። ሁለቱም እውነት ናቸው። ይሁን እንጂ ሦስተኛ እውነት አለ። ያን የሚደማ ልጅ አንድ ሰው አስታሞ አድኖታል፤ የዚያ ሰው ስም በየትኛውም ትረካ ውስጥ አይሰማም። የአድዋው መድፈኛ የተወለደው፣ በአንድ አነጋገር፣ ሁለት ጊዜ ነው፤ የሁለተኛይቱን እናት ግን ማንም አልጠየቀም።

ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ከገባችው ግዴታ አንዱ ባርነትን ማጥፋት ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ አዋጅ ወጣ። አዋጁ ባርነትን በአንድ ጊዜ የሚሽር አልነበረም፤ ጌታው ሲሞት ባሪያው ለወራሾቹ 7 ዓመት አገልግሎ ነፃ እንዲወጣ የሚል ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ይህን ጊዜ ወደ አንድ ዓመት አሳጠረው። ለነፃነት ቀጠሮ መስጠት ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቀው ቀጠሮውን የሚጠብቀው ሰው ብቻ ነው። ሕጉ በወረቀት ላይ ቢራመድም በየጌታው ጓዳ የነበረው ኑሮ በዚያው ፍጥነት አልተራመደም፤ ሥርዓቱ የቆመው በሰው ጉልበት ላይ ነበርና።

ፋሽስት ኢጣሊያ ይህን ድካም ጥሩ አድርጋ አየችው። በ1927 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው ክስ ኢትዮጵያ የባርነት አገር ስለ ሆነች ከሠለጠኑት መንግሥታት ተርታ ልትቆጠር አይገባትም አለች፤ ፎቶግራፎችንም በማስረጃነት አቀረበች። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ። ጄኔራል ዴ ቦኖ ትግራይ በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ጥቅምት 3 ቀን፣ ባርነት ቀርቷል ሲል አወጀ። ወራሪው የባሪያውን እንባ ለወረራው ሽፋን አደረገው።

ይህ የነፃ አውጪነት ጥሪ ምን ያህል ሐሰት እንደ ነበረ ለመረዳት ወደ ሮም መሄድ አያስፈልግም፤ የገናሌን ውሃ ተከትሎ መውረድ ይበቃል። ገናሌና ዳዋ ዶሎ አካባቢ ተገናኝተው ጁባ ይባላሉ፤ ጁባም በሱማሌ ምድር አልፎ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። በታችኛው ጁባ ጫካዎች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከባርነት ያመለጡ ሰዎች መንደር መሥርተው ይኖሩ ነበር። የኢጣሊያ ቅኝ አስተዳደር በጁባና በሸበሌ ወንዞች ዳር የሙዝና የጥጥ እርሻዎች ሲያቋቁም ጉልበት የፈለገው ከእነዚሁ ሰዎች ነው፤ ከየመንደራቸው በኮታ እየተለቀሙ በግዴታ ይሠሩ ነበር። እንግዲህ በላይኛው ወንዝ ባሪያን ነፃ ላወጣ መጣሁ ያለው መንግሥት በታችኛው ወንዝ የባሪያን ልጅ በጅራፍ ያሠራ ነበር። ወንዙ አንድ ነው።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው በዚህ ዋዜማ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ሐኪም እጅግ ጥቂት፣ የሠለጠነ አስታማሚ ከዚያም ያነሰ ነበር። በአዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ የተካፈሉበት የሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ፋሻ እየቀደደ፣ የመርዝ ጋዝ መከላከያ እየሰፋ ለጦር ግንባር ያዘጋጅ ነበር። ከውጭም ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከፊንላንድ፣ ከሆላንድና ከእንግሊዝ የሕክምና ቡድኖች መጡ። ከእነዚህ መካከል በሐኪም ፍሪደ ሂላንደር የሚመራው የስዊድን ቀይ መስቀል ቡድን ወደ ደቡብ ግንባር፣ ወደ ራስ ደስታ ሠራዊት ዘመተ።

የራስ ደስታ ሠራዊት ከሲዳሞ ደጋ ወደ ዶሎ በረሃ የወረደው አብዛኛው በእግሩ ነው። የደጋ ሰው ለቆላው ሙቀትና ለወባው እንግዳ ነበር። ስንቁ መንገድ ላይ እያለቀ፣ በሽታው ከጥይቱ ቀድሞ ሰው ይጥል ጀመር። በዚህ ጉዞ ላይ ገባሩ በትከሻው እህል ተሸክሟል፤ አሽከሩ የጌታውን ጠመንጃ፣ ገረዲቱ ድስቱንና እንስራውን ተሸክማለች። የስዊድኖቹ ድንኳን እስኪተከል ድረስ ለታመመው ሁሉ ሐኪም ቤቱ የእነዚህ ሰዎች ጉልበት ነበር። ድንኳኑ ከተተከለም በኋላ ቃሬዛውን የተሸከመው፣ ውሃውን ከወንዝ የቀዳው፣ ያገሩን ቋንቋ ለሐኪሙ ያስረዳው፣ ሌሊት ቁስለኛውን የጠበቀው ኢትዮጵያዊው አገልጋይ ነው። ሐኪሞቹ ያለ እነሱ አንድ ቀን ሊሠሩ አይችሉም ነበር።

የደቡቡ ጦር አዛዥ ግራዚያኒ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. አውሮፕላኖቹ በዚህ ግንባር ላይ የመርዝ ጋዝ ቦምብ ጣሉ። ባዶ እግሩን የሚሄድ ሠራዊት በመርዝ በተረጨ ሣር ላይ ሲራመድ እግሩ ይልጣል፤ ውሃ ሊቀዳ የጎነበሰው እጁ ይነድዳል። ይህ የጦር መሣሪያ ከተኳሹ እኩል ውሃ ቀጂውን የሚመታ ነው። በውጊያው መስመር ያልቆመ፣ ጠመንጃ ያልያዘ ሰው ሁሉ የጦርነቱ ቁስለኛ ሆነ።

ታኅሣሥ 20 ቀን ጧት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ በተተከለው የቀይ መስቀል ድንኳን ላይ መጡ። ምልክቱ ከላይ በግልጽ የሚታይ ነበር። ቦምቡ ከወረደ በኋላ መትረየሱ ተከተለ። ከስዊድናውያኑ መካከል ጉናር ሉንድስትረም በደረሰበት ቁስል ሞተ፤ ሐኪም ሂላንደርም ቆሰለ። በጊዜው በወጣው ዘገባ መሠረት በድንኳኑ ውስጥ ተኝተው ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ቁስለኞች መካከል 28ቱ ተገደሉ። ግራዚያኒ ይህን የፈጸመው ለቅጣት እንደ ሆነ ለማስመሰል ሞከረ፤ በደገሃቡር በኩል አንድ ኢጣሊያዊ አብራሪ ተይዞ ተገድሏል የሚል ምክንያት ሰጠ። ደገሃቡር ከመልካ ዲዳ በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች የራቀ፣ በሌላ የጦር አዛዥ ሥር የነበረ ግንባር ነው። በመልካ ዲዳ ድንኳን የተኛው ሰው እግሩ ተሰብሮ ቃሬዛ ላይ የነበረ ነው፤ ደገሃቡር የት እንዳለ እንኳ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

የድርጊቱ ጩኸት በአውሮፓ ተሰማ፤ በስዊድንም ቁጣ ተቀሰቀሰ። ይሁን እንጂ መልካ ዲዳ ብቸኛው አልነበረም። ቀደም ሲል ኅዳር 26 ቀን በደሴ ላይ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የሕክምና ስፍራ ተደብድቧል፤ የካቲት 25 ቀን ደግሞ በኮረም አጠገብ የእንግሊዞቹ የሕክምና ቡድን ተደብድቧል። በዚያው በኮረም ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተባለው ስዊድናዊ ቁስለኛ ያመላልስበት የነበረው የቀይ መስቀል አውሮፕላን በመጋቢት ወር ተቃጠለ። ይህ ሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም.፣ ለተራበ ሕዝብ እርዳታ ሲያደርስ በጎዴ ሕይወቱን አጣ። የእነዚህ የውጭ ወዳጆች ስም መጠበቁ ተገቢ ነው፤ በሰው አገር ለሰው ሕይወት ዋጋ ከፍለዋልና።

ከመልካ ዲዳ በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ ጥር 3 ቀን፣ ግራዚያኒ በብረት ለበስና በጭነት መኪና የታገዘ ጦሩን ይዞ በገናሌ ዶሪያ ላይ ጥቃት ከፈተ። የራስ ደስታ ሠራዊት ከወንዙ ተገፍቶ በውሃ ጥም ተቃጠለ። ወንዙ በዓይን ይታያል፤ በመካከሉ ግን መትረየስ አለ። እንስራ ይዞ ወደ ወንዙ መውረድ ምሽግ ሰብሮ ከመግባት ያነሰ ጀግንነት አልነበረም። ጥር 11 ቀን ነጌሌ ተያዘ። ሠራዊቱ ተበተነ፤ መንቀሳቀስ ያልቻለው ቁስለኛ የሚያነሣው ባገኘ ጊዜ ተነሣ፣ ባላገኘ ጊዜ ቀረ። ራስ ደስታም ተጋድሏቸውን ቀጥለው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ።

የጉናር ሉንድስትረም ስም ታውቋል፤ የ28ቱ ኢትዮጵያውያን ግን ቁጥራቸው ብቻ ቀረ። እነሱን ያስታምሙ ለነበሩት ደግሞ ቁጥርም አልተረፈላቸው። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? መልሱ ከልብ መጨከን ይልቅ በመዝገብ ውስጥ ነው። የስዊድኑ ዘማች ከአገሩ ሲነሣ ስሙ ተጽፎ ነበር። የኢትዮጵያው ገባር ሲዘምት የተጻፈው የጌታው ስም ነው፤ እርሱ በጌታው ስም ሥር ተጠቃልሎ ሄደ። በሕይወት ሳለ በሌላው ስም የኖረ ሰው ሲሞት የራሱን ስም ከየት ያመጣል?

በሌላው የዓለም ክፍል ይህ ዝምታ አልፎ አልፎ ተሰብሯል። በአሜሪካ በጆርጂያ በ1848 እ.ኤ.አ. በባርነት የተወለደችው ሱዚ ኪንግ ቴይለር በልጅነቷ ተደብቃ ማንበብና መጻፍ ተማረች። የእርስ በርሱ ጦርነት በተነሣ ጊዜ አምልጣ የጥቁሮች ክፍለ ጦር ልብስ አጣቢ፣ አስተማሪና አስታማሚ ሆነች፤ ከአራት ዓመት በላይም ያለ ደመወዝ ሠራች። በ1902 እ.ኤ.አ. ትዝታዋን መጽሐፍ አድርጋ ስላሳተመች ዛሬ ስሟ ይታወቃል። በእኛም ዘንድ በልጅነቱ ተሸጦ በምጽዋ ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 እ.ኤ.አ. አሳትሟል፤ ከባርነት የተረፈችው አስቴር ጋኖም በዚህ ሥራ ተካፍላለች። እነዚህን ከሌሎቹ የለያቸው ከፍ ያለ ሥቃይ ወይም ከፍ ያለ ጀግንነት አይደለም፤ ፊደል ነው። ብዕር በእጃቸው ገባ፤ ስማቸውን ራሳቸው ጻፉ። በገናሌ ዳር እንስራ ይዛ የወደቀችው ሴት ፊደል አልነበራትም። ለእሷ መጻፍ የሌላው ዕዳ ነው።

ወራሪው ከተባረረ በኋላ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ባርነት በሕግ ተሻረ። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን የነርስነት ሙያ ተምረው፣ ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ በዚያው ነሐሴ ወር በወጣትነታቸው ዐረፉ፤ በስማቸውም ሆስፒታል ተሠራ። በዘመኑ ዓይን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ቁስል ማጠብ የገረድ ሥራ ተብሎ በሚናቅበት አገር የንጉሥ ልጅ ነርስ መሆኗ ሥራውን ራሱን አስከብሯል። ነገር ግን ሥራው ሲከበር ሥራውን በውርደት ዘመን ተሸክመው ያቆዩት አብረው አልተከበሩም። ሕጉ ባሪያን ነፃ ሲያወጣ መሬት አልሰጠውም ነበርና ብዙው ነፃ የወጣ ሰው ከጓዳ ወጥቶ ወደ ጭሰኝነት ገባ። የመሬት አዋጅ እስከ ታወጀበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ቀንበሩ ስም ለወጠ እንጂ አልወረደም።

ነጌሌ በታሪክ ውስጥ እንደገና የተነሣችው በውሃ ምክንያት መሆኑ ሊጤን ይገባል። በጥር 1966 ዓ.ም. በነጌሌ የሠፈረው ጦር ተራ ወታደሮች የውሃ ጉድጓዳቸው መሣሪያ ተበላሽቶ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይጠጡ በተከለከሉ ጊዜ አደሙ። ሊያነጋግራቸው የመጣውን ጄኔራል ይዘው እነሱ የሚበሉትን እንዲበላ፣ የሚጠጡትን እንዲጠጣ አደረጉ። የዚያ ዓመት አብዮት የመጀመሪያ ድምፅ ከዚህ ተሰማ። ከ38 ዓመት በፊት በዚያው ጥር ወር፣ ከዚያች ከተማ በታች፣ ተራው ዘማች በወንዝ ዳር በጥም ሞቷል። ውሃ የሚቀዳና ውሃ የሚጠጣ ሰው ተለያይቶ በሚኖርበት ሥርዓት ውስጥ ጥም የአየር ጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በቦረና ምድር ጥልቅ የሆኑት የውሃ ጉድጓዶች ኤላ ይባላሉ። ከጉድጓዱ ግርጌ እስከ አፉ ሰዎች በደረጃ ተደራርበው ቆመው፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ በዜማ እየተረዳዱ ውሃውን ያወጣሉ። ከላይ ሆኖ ለሚያየው የሚታየው የመጨረሻው ሰው እጅ ብቻ ነው። ከብቱ የሚጠጣው ግን ከታች ባሉት፣ በማይታዩት እጆች ኃይል ነው። ከመካከላቸው አንዱ እጁን ቢያጥፍ ባልዲው ወደ ላይ አይደርስም።

የሀገሪቱ የነፃነት ታሪክ እንደዚሁ ነው። ከአፋፉ የሚታዩት የጦር መሪዎች ስም ተጽፏል፤ ይጻፍም። ከሥር የነበሩት ባሪያዎች፣ ገረዶች፣ ገባሮችና አሽከሮች ነፃነት ያላገኙበትን አገር ቁስለኛ አስታመው አቆይተዋል። ወራሪው በስማቸው ነገደ፤ በላያቸውም ቦምብ ጣለ። ገዢዎቻቸው በጉልበታቸው ዘመቱ፤ ስማቸውን ግን አልመዘገቡም። ስለዚህ በየአውራጃው የአረጋውያንን ቃል የሚሰበስብ መምህር፣ ስለ ጦርነት ቴአትር የሚደርስ ጸሐፊ፣ የመታሰቢያ ሐውልት የሚቀርጽ አርቲስት በመልካ ዲዳ ማን ተዋጋ ብሎ ከጠየቀ በኋላ ሌላ አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፤ በመልካ ዲዳ ውሃውን ማን ቀዳ?